አበል የሌለው ሥልጠና፦ በጎጃም ወረዳዎች ለሚሠሩ የእንስሳት ሐኪሞችና ቴክኒሻኖች ዝርዝር መመሪያ

ኅዳር ላይ ነው። ከዓባይ በረሃ አፋፍ የመጡ አንድ አባት በሬያቸውን ለሦስተኛ ጊዜ ክሊኒኩ ደጅ አሰሩት። ጠጉሩ ቆሟል፣ የዓይኑ ሥጋ ነጥቷል፣ ሽንጡ ወጥቷል። “አንተ ልጅ፣ ያው መርፌ ከሆነ ይቅር፤ መላ ከሌለህ ንገረኝና ልሽጠው” አሉኝ። ገንዲ (ዝንብ የሚያስተላልፈው የደም ጥገኛ በሽታ) ነው ብዬ ሁለት ጊዜ መድኃኒቱን ዲሚናዚን ወግቼዋለሁ። መድኃኒቱን ሰደብሁ፤ “የዘንድሮው ፓኬት ውኃ ነው” አልሁ። አብሮኝ የሚሠራው ቴክኒሻን ግን ምንም ሳይል ከጋወኑ ኪስ የልብስ ሰፊ ሜትር አውጥቶ በሬውን ለካው። የደረቱ ዙሪያ 158 ሳንቲ ሜትር፣ ከትከሻው አጥንት ጫፍ እስከ መቀመጫው አጥንት 135። በስልኩ ሲያሰላው 311 ኪሎ ወጣ። እኔ በዓይኔ 200 ብዬ ነበር የገመትሁት።

ስሌቱን ላሳያችሁ። 1.05 ግራም ዲሚናዚን ያለበት አንድ ፓኬት፣ በኪሎ 3.5 ሚሊግራም ሲታሰብ 300 ኪሎ ይሸፍናል። እኔ ለ200 ኪሎ ብዬ የፓኬቱን ሁለት ሦስተኛ፣ ማለትም 700 ሚሊግራም ሰጠሁ። ለ311 ኪሎ በሬ ይህ በኪሎ 2.25 ሚሊግራም ብቻ ነው። ጥገኛውን አልገደልሁትም፤ መድኃኒቱን አለማመድሁት እንጂ። በዚያው ዓመት ደግሞ ሁለት ሥልጠና ወስጃለሁ። አበሌን ተቀብያለሁ፣ ሰርተፍኬቴ ፋይሌ ውስጥ አለ። በሁለቱም ሥልጠና ከብት አልነካንም።

ከዚያ ወዲህ የምማርበትን መንገድ ቀየርሁ። ከዚህ በታች ያለው ያ መንገድ ነው፤ ለሐኪሙም፣ ለቴክኒሻኑም፣ ክራሽ (ከብቱ ለሕክምና የሚያዝበት አጥር) አጠገብ ለሚውል ሁሉ ይሠራል። በጀት አይጠይቅም ማለት ይቻላል፤ ጊዜና ትንሽ ድፍረት ግን ይጠይቃል።

1. መዝገቡን አውጡና አንብቡ

የግብዣ ደብዳቤ አትጠብቁ፤ ከክሊኒኩ መዝገብ ጀምሩ። የመጨረሻዎቹን ሦስት ወራት ገጾች ይዛችሁ አንድ ከሰዓት ቁጭ በሉ። መዝገባችን እንዴት እንደሚሞላ ሁላችንም እናውቃለን። ቀን፣ የባለቤት ስም፣ ቀበሌ፣ ምልክት፣ የበሽታ ስም፣ መድኃኒት ይላል። የመጨረሻው ዓምድ፣ “ውጤት” የሚለው፣ ወይ ባዶ ነው ወይ ከላይ እስከ ታች “ታክሟል” ተብሎ ወርዷል።

ሦስት ዓይነት ከብት ፈልጉ። አንደኛው ታክሞ ተመልሶ የመጣ። ሁለተኛው ሙቀቱ እንኳ ሳይለካ የበሽታ ስም የተሰጠው፤ “ፓስቸሬላ” ተብሎ የሙቀቱ ሳጥን ባዶ ከሆነ እሱ ነው። ሦስተኛው ምልክቱ ምንም ይሁን ምን ያው ኦክሲቴትራሳይክሊን የሚባለው አንቲባዮቲክ የተወጋው። በእርሳስ ምልክት አድርጉባቸው። ሦስተኛው ዓይነት ገጹን ሲሞላው ብታዩ አትደንግጡ፤ የእኔም እንደዚያው ነበር።

ቀጥሎ ስልክ ደውሉ። አሥር ባለቤቶች ይበቃሉ። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ጎጃም ውስጥ ገበሬው ሐኪሙን ማሳፈር አይወድም። “እንዴት ሆነች ላሟ?” ካላችሁት “ተመስገን፣ ደህና ነች” ይላችኋል፤ ላሟ ባለፈው ሳምንት ለሥጋ ተሸጣ ሊሆን ይችላል። ጠይቁ እንጂ አታስመርቁ። “አሁን የት ናት? ዛሬ ስንት ታለበች?”፣ ለበሬ ከሆነ “ትናንት ጠመዱት? ከማን ጋር?” በሉ። መልሱ ይለያል። እኔ ከደወልሁላቸው አሥር ሰዎች መካከል “ታክሟል” ብዬ የጻፍሁት ወይፈን ባለቤት “እሱማ ጅብ በላው” አሉኝ፤ የሞተው በሽታው ይዞት እንጂ ጅብ ገድሎት እንዳልሆነ ግን ከድምፃቸው ገባኝ።

ከዚህ ሁሉ ሁለት ጥያቄ ብቻ ምረጡ። አምስት ከሆነ አንዱንም አትጨርሱትም። ጥያቄው ደግሞ ስም ያለው ከብት ይኑርበት። “ስለ ውስጥ ጥገኞች ማወቅ እፈልጋለሁ” የሚለው ጥያቄ አይደለም፤ የዓመት ዕቅድ ላይ የሚጻፍ ዓረፍተ ነገር ነው። “ጥቅምት ላይ አልቤንዳዞል ያጠጣኋቸው በጎች ታኅሣሥ ላይ መንጋጋቸው ሥር ለምን አበጠ?” የሚለው ግን ጥያቄ ነው፤ ወደ መልሱ የሚወስደው መንገድ ራሱ ውስጥ አለ።

2. ጥያቄውን በወቅቱ ላይ አስቀምጡት

የበጎቹን ጥያቄ ይዘን እንሂድ። የጉበት ትል ቀንድ አውጣ ይፈልጋል፤ ቀንድ አውጣ ደግሞ ረግረግ። ክረምቱ አልፎ ውኃው ሲሸሽ፣ መስከረምና ጥቅምት፣ በጎቹ የጨፌውን ዳር ለምለም ሣር ይግጣሉ፤ ዕጩን የሚውጡት ያኔ ነው። የዋጡት ዕጭ ጉበት ውስጥ አድጎ እንቁላል እስኪጥል ከ10 እስከ 12 ሳምንት ገደማ ይወስድበታል። አልቤንዳዞል የሚገድለው ያደገውን ትል ነው፤ ጉበቱን እየቦረቦረ ያለውን ወጣት ትል አይነካውም። ስለዚህ ጥቅምት ላይ ያጠጣነው መድኃኒት ለአሮጌው ትል እንጂ ለአዲሱ አልደረሰም። በጎቹ ታኅሣሥ ላይ ቢያብጡ ምን ይገርማል? ወጣቱንም የሚገድለው ትሪክላቤንዳዞል ነው፤ እሱን ካላገኛችሁ አልቤንዳዞሉን መቼ እንደምትደግሙት ከቀን መቁጠሪያው ላይ ማስላት አለባችሁ። እንቁላሉን በሰገራ ምርመራ መፈለግም ጥቅምት ላይ ሳይሆን ታኅሣሥና ጥር ላይ ነው።

አያችሁ፣ አንድ ጥያቄ ሦስት ትምህርት አመጣ፤ የትሉን ዕድገት፣ የመድኃኒቱን ወሰንና የምርመራውን ጊዜ። ሥልጠና አዳራሽ ውስጥ ሦስቱ በሦስት ስላይድ ያልፋሉ፤ እንዲህ ስትማሩት ግን ከአእምሯችሁ አይወጣም።

ሌሎቹንም እንዲሁ ከወቅታቸው አስቀድማችሁ ያዙ። ዝናቡ ሲጀምር የሚነሡትን አባ ጎርባንና አባ ሰንጋን ሚያዝያ ላይ አንብቡ፤ ክትባቱም የሚሰጠው ዝናቡ ሳይገባ ነው። ፈንግል የገጠሩን ዶሮ ከመጨረሱ በፊት መጋቢት ላይ። ገንዲን ነሐሴ ላይ፤ መስከረም ከጠባ በኋላ ዝንቡ ይበዛልና። “እኛ ደጋ ነን፣ ቆላ ዝንብ የለብንም” የምትሉ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምርላችሁ። ከገንዲ ጥገኞች አንዱ የሆነው ትሪፓኖሶማ ቪቫክስ ያለ ቆላ ዝንብም በተራ ተናካሽ ዝንብ ይተላለፋል። በረሃ ወርዶ የማያውቅ ከብትም ይይዘዋል።

ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴን ለንባብ ተዉት። መንገዱ ጭቃ ነው፣ ገበሬው እርሻ ላይ ነው፣ ስብሰባም ይቀንሳል።

3. እጃችሁን አስተምሩ

ሐኪሞች ይህን ክፍል መዝለል እንወዳለን። “ይህ የቴክኒሻን ሥራ ነው” እንላለን፤ ሜትሩን ያወጣው ግን ቴክኒሻኑ ነበር።

በሚዛን እንጀምር። ከልብስ ሰፊ ሜትር ግዙ። ከፊት እግሮቹ ጀርባ ደረቱን ዙሩት፤ ከዚያ ከትከሻ አጥንት ጫፍ እስከ መቀመጫ አጥንት ርዝመቱን ለኩ። የደረቱን ቁጥር በራሱ አባዙ፣ ውጤቱን በርዝመቱ አባዙ፣ ለ10,840 አካፍሉ። ኪሎው ይወጣል። የእኔን በሬ ሞክሩት፤ 158 በ158፣ ሲባዛ በ135፣ ሲካፈል ለ10,840። ቀመሩ የተሠራው በፈረንጅ ከብት ላይ ስለሆነ በኛ ባለ ሻኛ ከብት ላይ ትንሽ ይስታል፤ ከዓይን ግምት ግን በብዙ ይሻላል። ዋናው ልምምድ እንዲህ ነው። 20 ከብት፤ እያንዳንዱን ከመለካታችሁ በፊት ግምታችሁን ጻፉ፣ ከዚያ ለኩ። ልዩነቱን ጎን ለጎን አስቀምጡት። እኔ ትልልቁን አሳንሼ፣ ከሲታውን አግንኜ እንደምገምት የገባኝ በዚህ ነው። ከአሥራ አምስተኛው ከብት በኋላ ዓይን መታረም ይጀምራል።

ከሚዛኑ ጋር የመድኃኒቱን ጽሑፍ ማንበብ ይመጣል። ኦክሲቴትራሳይክሊን ባለ 10 በመቶው አንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ 100 ሚሊግራም፣ ባለ 20 በመቶው 200 ሚሊግራም ይይዛል። ባለ 10ው በኪሎ 10 ሚሊግራም በየቀኑ፣ ለረጅም ጊዜ የሚቆየው ባለ 20ው በኪሎ 20 ሚሊግራም ሲሰጥ ሁለቱም “ለ10 ኪሎ 1 ሚሊ ሊትር” ይሆናሉ። ቁጥሩ አንድ ስለሆነ ሰው ያምታታዋል። ባለ 10ውን አንድ ጊዜ ወግቶ “ሦስት ቀን ይቆያል” ብሎ የሚልክ ባለሙያ አይቻለሁ፤ በሬው ግን በማግስቱ ያለ መድኃኒት ነው የሚያድረው። ጠርሙሱን አንሡና ጮክ ብላችሁ አንብቡት። የወተትና የሥጋ መከልከያ ቀኑንም ለባለቤቱ ንገሩ፤ ያ ሽማግሌ “ልሽጠው” ሲሉ እኔ ይህን አንሥቼ አልነበረም።

ማይክሮስኮፕ ያለው ክሊኒክ ከሆነ ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ ፈልጉ። ያለ ቀልድ፣ የመጀመሪያው ሥራ ይህ ነው። ከዚያ ቀጭን የደም ስሚር፣ ማለትም ስላይድ ላይ በስሱ የተሰራጨ ደም፣ ሥሩ። የጆሮውን ጫፍ ላጩ፣ በአልኮል አጽዱ፣ እስኪደርቅ ጠብቁ፣ ዳሩ ላይ ያለችውን ደም ሥር በመርፌ ንኩ። ትንሽ ጠብታ በስላይዱ አንድ ጫፍ አኑሩ። ሁለተኛውን ስላይድ ወደ 45 ዲግሪ አዘንብሉና ጠብታው በጠርዙ ላይ ሲሰራጭ በአንድ እጅ ጉዞ፣ ሳትቆሙ፣ ወደፊት ግፉት። ጥሩ ስሚር ጫፉ የምላስ ቅርጽ አለው፤ ወደ ብርሃን ስታቀርቡት ደብዘዝ ያለ ቀስተ ደመና ያሳያል። በአየር አድርቁት፤ ክፍት አትተዉት፣ ዝንብ ደሙን ጠርጎ ይበላዋል፤ እኔ የስድስት ስላይድ ልፋት በአንድ ምሳ ሰዓት አጥቻለሁ። በሜታኖል ለሁለት ሦስት ደቂቃ አጽኑት፣ 10 በመቶ የጊምሳ ቀለም ውስጥ ለ30 ደቂቃ ያህል አቆዩት፣ እጠቡት፣ በዘይት ሌንሱ እዩት። መብራት ከሌለ ወይም ጊምሳው ካለቀ፣ ትኩስ ጠብታ ደም በከቨር ስሊፕ ሸፍናችሁ በባለ 40ው ሌንስ እዩ። ገንዲ ካለ ቀይ የደም ሕዋሶቹ መካከል የሚተራመስ ነገር ታያላችሁ። ካላያችሁ ግን የለም ማለት አይደለም።

የደም ማነስ መለኪያ ማሽን ያላችሁ ደግሞ በ12,000 ዙር ለ5 ደቂቃ አሽከርክሩና የቀዩን ድርሻ አንብቡ፤ በከብት ከ24 በመቶ በታች ከሆነ ደሙ አንሷል። የነጩ መስመር ዳር ላይ ቱቦውን ቆርጣችሁ ብታዩት ጥገኛውን የማግኘት ዕድላችሁ ይጨምራል። የመዳን ለውጥ የሚታየውም እዚሁ ላይ ነው፤ ከተወጋ ከሁለት ሳምንት በኋላ ቁጥሩ ከፍ ካላለ፣ “መድኃኒቱ ሠርቷል” አትበሉ። ዲሚናዚን በትክክለኛው ልክ ተሰጥቶ ካልሠራ ሌላው የገንዲ መድኃኒት አይሶሜታሚዲየም የሚታሰበው ያኔ ነው እንጂ፣ ዲሚናዚኑን በግማሽ ልክ ከደጋገሙ በኋላ አይደለም።

እዚህ ላይ እጅግ ርካሹን ኮርስ ልንገራችሁ። ከእያንዳንዱ ከብት ሁለት ስላይድ ሥሩ። አንዱን ራሳችሁ አንብቡና ውጤቱን ጽፋችሁ አሽጉት። ሁለተኛውን ባሕር ዳር ወዳለው የክልሉ የእንስሳት በሽታዎች ምርመራ ላቦራቶሪ ላኩ። መልሱ ሲመጣ አወዳድሩ። አሥር ጥንድ ስላይድ የስንት ቀን አዳራሽ ሥልጠና ያህላል? እኔ የተማርሁትን ያህል በአዳራሽ አልተማርሁም፤ ከመጀመሪያዎቹ አሥር ውስጥ በሦስቱ “ጥገኛ” ብዬ ያነበብሁት የቀለም ቅሪት ነበር።

አንድ ነገር ግን ልምምድ ውስጥ አታስገቡ። በድንገት የሞተ፣ የተነፋ፣ ከአፍንጫው ወይም ከፊንጢጣው የማይረጋ ጥቁር ደም የሚወርደው ሬሳ ካያችሁ አትክፈቱት። አባ ሰንጋ ሊሆን ይችላል፤ ሬሳው ሲከፈትና አየር ሲያገኘው ባክቴሪያው ዘር ሠርቶ መሬቱ ላይ ለብዙ ዓመታት ይቀራል። ጓንት አድርጋችሁ ከጆሮ ደም ሥር ስሚር ውሰዱ፣ ሬሳው በጥልቅ ይቀበር ወይም ይቃጠል፤ ሥጋውን ለመካፈል ቢላ የያዘ ጎረቤት ካለ ደግሞ ከማንም በፊት እሱን አስቁሙ።

ሬሳ መክፈት የምትማሩበት ቦታ ቄራው ነው። ጉበቱ የደነደነ፣ ሳንባው የተጣበቀ፣ ሆዱ ትል የሞላበት ሁሉ በአንድ ሌሊት ይታያል። ወቅቱን ግን ዕወቁ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ በእኛ ከተሞች ቄራው ያኔ ጭር ይላል። የቄራ ልምምዳችሁን ለፋሲካ ሰሞንና ለጥር የሠርግ ወር አስቀምጡት። ከሥጋ ተቆጣጣሪው ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ ቡና ብትጋብዙትም አይከፋም።

4. ወደ ሰው ሂዱ

ቅርባችን ያለውን አንጠቀምበትም። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ዘንዘልማ ግቢ የእንስሳት ሳይንስና የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ክፍል አለው። ወደ ጢስ ዓባይ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው የአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከል የፎገራን ከብትና የዋሸራን በግ ለዓመታት ሲያረባ የቆየ ነው፤ ጤነኛ መንጋ ምን እንደሚመስል ለማየት ከዚያ የተሻለ ቦታ አላውቅም፤ እኛ ክሊኒክ ውስጥ የታመመ ብቻ ስለምናይ ጤነኛውን እንረሳለንና። ከጣና ማዶ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለ። ራቅ ሲል ቢሾፍቱ ላይ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅና ክትባቶቻችንን የሚያመርተው ብሔራዊ የእንስሳት ሕክምና ኢንስቲትዩት፣ ሰበታ ላይ ደግሞ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ይገኛሉ። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1974 የተመሠረተው የኢትዮጵያ የእንስሳት ሐኪሞች ማኅበር የሚያዘጋጀው ጉባኤም አለ፤ እዚያ ከጽሑፎቹ ይልቅ በዕረፍት ሰዓት የሚወራው ይጠቅማችኋል።

“ሥልጠና ስጡን” ብላችሁ አትጠይቁ። ሥልጠና በጀት ነው፣ አዳራሽ ነው፣ ፊርማ ነው። “አምስት ቀን አጠገባችሁ ልሥራ” በሉ። ደብዳቤው በወረዳው የእንስሳት ሀብት ጽሕፈት ቤት በኩል ይውጣ፤ ረቂቁን ግን ራሳችሁ ጻፉና ለኃላፊው አቅርቡ፤ ባዶ ወረቀት ላይ የሚጻፍ ደብዳቤ አይጻፍም። እንዲህ ይበቃል፦

“ጉዳዩ፦ የአምስት ቀን የተግባር ቆይታ ስለመጠየቅ። የጽሕፈት ቤታችን ባልደረባ የሆነው ባለሙያ በክሊኒካችን በተደጋጋሚ የሚያጋጥመውን የገንዲ በሽታ በማይክሮስኮፕ የመለየት ችሎታውን ለማሻሻል ከላቦራቶሪያችሁ ባለሙያዎች ጋር ለአምስት ቀናት እንዲሠራ እንዲፈቀድለት እንጠይቃለን። ከመስክ የተሰበሰቡ 20 ስላይዶች ይዞ ይመጣል። የትራንስፖርትና የማደሪያ ወጪውን እኛ እንሸፍናለን።”

ክብደቱ ያለው “ይዞ ይመጣል” በሚለው ላይ ነው። ባዶ እጁን የሚመጣ እንግዳ ሸክም ነው፤ 20 ስላይድ ወይም አንድ ያልተፈታ ታሪክ ይዞ የሚመጣ ግን ለላቦራቶሪውም ሥራ ያቃልላል።

5. ስልካችሁ ውስጥ ያለው ትምህርት ቤት

የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት በኢንተርኔት ነፃ ኮርሶች አሉት፤ አንዳንዶቹን ራሳችሁ በፈለጋችሁት ሰዓት ትጨርሳላችሁ፣ ሌሎቹ በአሠልጣኝ የሚመሩ ናቸው። ለመንግሥት ባለሙያዎች ኢሳቬት የሚባል የወረርሽኝ ጥናት ሥልጠናም አለው፤ ወደ አንድ ወር ከሚሆነው ትምህርት በኋላ ሦስት ወር በራስ የሥራ ቦታ የሚሠራ ጥናት አለበት፤ ኢትዮጵያም ተሳታፊ ናት። ዕድሉ ወረዳችሁ ከደረሰ ሳታቅማሙ ውሰዱት። የእብድ ውሻ በሽታን ለመቆጣጠር የተቋቋመው ዓለም አቀፍ ጥምረት ደግሞ ስለ ውሻ አያያዝና ክትባት ነፃ ኮርስ ከምስክር ወረቀት ጋር ይሰጣል፤ ለቴክኒሻን በጣም እመክረዋለሁ።

ኮርስ ስትመርጡ ከበግና ፍየል ደስታ መሰል በሽታ ጀምሩ። ስሙን አስቡት። ደስታ በሽታ በ1880 ዓ.ም ገደማ ገብቶ የኢትዮጵያን በሬ ሲጨርስ አያቶቻችን ክፉ ቀን ያሉት ረሃብ መጣ፤ ያ በሽታ በ2003 ዓ.ም ከዓለም ጠፋ ተብሎ ታወጀ። አሁን ዓለም እስከ 2030 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሊያጠፋው ያቀደው ይህን ታናሽ ወንድሙን ነው። ሊጠፋ የተቃረበ በሽታ የሚደበቀው ደግሞ የበጉን አፍ ገልጦ የሚያይ ሰው በሌለበት ቀበሌ ነው።

ሁለት ችግር አለ። አንዱ ኔትወርክ ነው፤ በክልላችን ኢንተርኔት ለወራት ጠፍቶ የቆየበትን ጊዜ ማን ይረሳል? ባሕር ዳር ወይም ደብረ ማርቆስ በሄዳችሁ ቁጥር ጽሑፎቹን አውርዳችሁ በስልክና በፍላሽ ያዙ። ሁለተኛው እንግሊዝኛው ነው፤ በተለይ ለቴክኒሻኖች። ደብተር ከፍላችሁ የራሳችሁን መዝገበ ቃላት ሥሩ፤ በአንዱ በኩል የኮርሱ ስም፣ በሌላው ገበሬው የሚጠራበት። ገንዲ፣ ጎሮርሳ፣ አባ ጎርባ፣ ፈንግል። ቀበሌ በተሻገራችሁ ቁጥር ስሙ እንደሚለወጥ ታያላችሁ፤ አንዱ ገበሬ የሚለው “ሳንባ” ሌላው ዘንድ ሌላ በሽታ ነው። ይህ ደብተር ከኮርሱ ሰርተፍኬት ይበልጥ ሲያገለግለኝ ኖሯል።

6. በሳምንት አንድ ሰዓት፣ ዶክተሩ መጨረሻ ይናገራል

ገበያ የማይውልበትን ቀን ምረጡ። ጀበና ይጣድ። የሳምንቱ አንድ ከብት ይቅረብ፤ የዳነው ሳይሆን ያስቸገረው። ደንቡ አንድ ብቻ ነው፤ ቴክኒሻኑ መጀመሪያ ይናገራል፣ ዶክተሩ መጨረሻ። ምክንያቱን ታውቃላችሁ። ዶክተሩ አንድ ጊዜ “ይህ ፓስቸሬላ ነው” ካለ ማን አፉን ይከፍታል? ክራሹ ላይ ሙቀት የለካው፣ አፉን ገልጦ ያየው ቴክኒሻኑ ነው፤ ያየውን ሳይነግረን አክብሮን ዝም ይላል። ዝምታው ከብቱን አያድነውም።

እኔ ይህን ደንብ ስጀምር ለሦስት ሳምንት ማንም አልተናገረም። በአራተኛው አንዷ ልጅ፣ “ዶክተር፣ ያች ጊደር ምራቋ ይዝረከረክ ነበር፣ አፏን ግን አላየንም፤ ማዝ፣ የአፍና የእግሩ በሽታ፣ ቢሆንስ?” አለች። እኔ የሳንባ ምች ብዬ ጽፌ ነበር። በነጋታው ሄደን አፏን አየነው፤ ምላሷ ላይ ቁስል ነበረ።

7. የደረጃ ጉዳይ

ለቴክኒሻኖች ባጭሩ። ደረጃችሁን ለማሳደግ የሙያ ብቃት ምዘናው አለ፣ ዲግሪ ለመቀጠል የክረምትና የተከታታይ ትምህርት መርሐ ግብሮች አሉ። ደመወዝ የሚጨምረው ወረቀት ነውና ያዙት፤ አያሳፍርም። የምትችሉትንና የማትችሉትን ለመመዘን ግን የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት በ2018 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ያወጣውን የረዳት ባለሙያዎች የብቃት መመሪያ አውርዱና በእያንዳንዱ መስመር ፊት “እችላለሁ፣ አይቻለሁ፣ አላውቅም” ብላችሁ ጻፉ። ለሐኪሞችም በዚያው አቆጣጠር በ2012 የወጣ ተመሳሳይ አለ። “አላውቅም” የበዛበት ቦታ የሚቀጥለው ዓመት ጥያቄያችሁ ነው።

8. አበል ያለው ግብዣ ሲመጣ

ሂዱ። እኔም እሄዳለሁ፤ ደመወዛችን ምን ያህል እንደሆነ ለማን ልንገር? ነገር ግን ሦስት ከብቶች በኪሳችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ ስማቸው፣ ልካቸው፣ የተሰጣቸው፣ የደረሰባቸው በአንድ ወረቀት። ለአሠልጣኙ በዕረፍት ሰዓት አሳዩት። አብዛኛው አሠልጣኝ ከስላይዱ ወጥቶ ስለ እውነተኛ ከብት ማውራት ይናፍቃል። ስትመለሱ በመጀመሪያው ሳምንት የጀበናው ሰዓት ላይ ለባልደረቦቻችሁ አካፍሉ፤ ሌላ ሳምንት ካለፈ ማስታወሻው ከቦርሳው አይወጣም።

ከጽሕፈት ቤት ቴክኒሻን ሲጋበዝ ሐኪም የሚላክበት ልማድ አለ፤ አበሉ ስለሚበልጥ ነው። ኃላፊ ከሆናችሁ አታድርጉት።

9. ስድስት ወር ሲሞላ

የተማራችሁበትን ቀን፣ ሰዓቱን፣ የተማራችሁትንና በእሱ ምክንያት የለወጣችሁትን በአንድ ደብተር መዝግቡ። አራተኛው ካልተሞላ ሦስቱ ለሪፖርት ብቻ ናቸው። ስድስት ወር ሲሞላ የክሊኒኩን መዝገብ እንደገና አውጡ። ተመልሰው የመጡት ቀንሰዋል? የሙቀቱ ሳጥን ተሞልቷል? የ“ውጤት” ዓምድ ላይ ከ“ታክሟል” ሌላ ቃል አለ? እነዚያኑ አሥር ባለቤቶች፣ ወይም አዲስ አሥር፣ ደግማችሁ ደውሉ።

ያ የዓባይ በረሃ በሬ በትክክለኛው ልክ ዲሚናዚን ተሰጠው። በሦስተኛው ሳምንት ደወልሁ። “የት ነው ያለው?” አልኋቸው። “ከማን ጋር እንደሆነ ነው የማትጠይቀኝ?” ብለው ሳቁ፤ ከጎረቤታቸው በሬ ጋር ተጠምዶ የሽምብራ ማሳ ላይ ነበር።